አውፍ በሉን

ይናገሩ ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸው የሰፈራችን ልጆች ደጃፌ መጥተው፣ አንዱ ድንጋዩ ላይ፣ አንዱ በርጩማው ላይ፣ አንዷም እግሬ ሥር ቁጭ ብለው፣ «እማማ፣ እርስዎ ያኔ ልጅቱን በምን ብር ላኳት? እኛ እኮ ከአሁኑ ጨንቆናል» አሉኝ። የአንዱ አባት የበሬ እዳ አለበት። የአንዷ እናት ዐረብ አገር ናት፤ ብር ከላከች ከርማለች። ያ ቀልደኛው ደግሞ፣ «የኔስ ችግር ብር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሞልቶኛል» ብሎ አሳቀን።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የሚጽፈው የልጅ ልጄ እጅ ነው፤ ያችው ያኔ የላክኋት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዴ ቀና ትልና «እምዬ፣ ከመንገድ ወጣሽ» ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ወደ ገጠሩ ቅመም ተሸክሜ ስዞር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እግሬ የለመደውን አፌም ለመደ እንጂ ምን ላድርግ። ብቻ ታገሱኝ፣ እደርሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናቷ ነው። ልጄ ትዳሯ ሲፈርስ ይችን ሕፃን እኔ ጉያ ትታ ዐረብ አገር ሄደች። የመሄጃው ብር ከየት ይምጣ? ውጫሌ ላይ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና ቅመም በጅምላ የሚያከፋፍሉ። እኔም አብሹንና ጥቁር አዝሙዱን የማነሣው ከእሳቸው ነበር። ሸጬ እመልሳለሁ፣ ደግሞ አነሣለሁ። በመካከላችን ወረቀት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ልጄን ይዤ ሄጄ ጭንቀቴን ስነግራቸው ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብለው ብሩን አወጡና፣ «ስታገኙ ትመልሱልኛላችሁ። ወለድ የለው፣ ቀጠሮ የለው። ብቻ ልጅቱ በሰላም ትግባ» አሉን።

ልጄ መጀመሪያ ላይ ላከች፤ ከእዳው ከላይ ከላዩ ቀነስን። ኋላ ግን አሠሪዎቿ ደሞዟን ያዙባት። ከዚያ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት እስክትገባ ብዙ ተንከራተተች፤ ትደውልና ድምፅዋን ሳታሰማኝ የምታለቅስበት ጊዜ ነበር። እዳውም ባለበት ቆመ። ሐጂ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔን የከበደኝም ይኸው ነው። የሚጠይቅ ሰው ቢሆን እጨቃጨቃለሁ፣ እቀጥራለሁ፣ እምላለሁ። የማይጠይቅ ሰው ፊት ግን ዓይኔን የት ላድርገው? ቅመም ለማንሣት ሱቃቸው በሄድኩ ቁጥር ሰላምታዬ እያጠረ መጣ።

በዚህ መሀል ልጅቱ አደገች። ስታጠና አላቋርጣትም ነበር፤ የምታጠናው ምን እንደሆነ ባይገባኝም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ዱዓ የምታደርግ ይመስለኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ፈተና ከብዙ ልጅ ጥቂቱ ብቻ የሚያልፍበት ሆኖ ነበር። ውጤት የተነገረ ዕለት እኔ ሐይቁ ዳር ነኝ፤ ዓሣ ከሚያወጡት ጎረምሶች ጋር ዋጋ እከራከራለሁ። ሻሿ ከራሷ ወርዶ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እምዬ! አለፍኩ!»

«ምኑን ነው ያለፍሽው?» አልኳት። ደንግጬ ነው እንጂ ጠፍቶኝ አይደለም።

ጎረምሶቹ ቀድመውኝ ገባቸው። አንደኛው ትልቁን ዓሣ አንሥቶ ዘንቢሌ ውስጥ ጣለና፣ «በይ እማማ፣ ዛሬ ክርክሩ ቀረልሽ። ይሄ የተማሪዋ ነው» አለ። እኔም እዚያው አሸዋው ላይ ሱጁድ ወረድኩ። ግንባሬ ረጥቦ ስነሣ ሁሉም ሳቁብኝ።

ደስታው አንድ ቀን አደረ። በማግሥቱ ልጅቱ የሚያስፈልገውን መቁጠር ጀመረች። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጫማ፣ ሻንጣ፣ የመኪና፣ የኪስ፣ ደግሞም ስልክ። ያለ ስልክ ትምህርት የለም አለችኝ። በኔ ዘመን ያለ ስልክ ምን የማይኖር ነገር ነበር? ግን እውነቷን ነው፤ ውጤቱስ የመጣው በስልክ አይደል። ከዚያ ዓይኗ ደጅ ወደታሰረችው ጊደር ሄደ።

«እምዬ፣ ጊደሯን ብንሸጣትስ?»

«ጊደሯ የኛ አይደለችም።»

«የማን ናት ታዲያ? ትናንት እንኳ እኔ ነኝ ያጠጣኋት።»

«የሐጂ ናት። የእዳው ናት። እኔ በልቤ ከሰጠኋቸው ቆይቻለሁ፤ እሷ አታውቅም እንጂ።»

ልጅቱ አኮረፈች። አትፍረዱባት፤ ጓደኞቿ ገበያ ወጥተው ሻንጣ ይመርጣሉ። እኔ ግን የደረሳት ዩኒቨርሲቲ በሰሜን በኩል ስለሆነ አውቶብሱ በውጫሌ እንደሚያልፍ አስቤያለሁ። «አዲስ ስልክ ይዘሽ፣ በመስኮት እያየሽ፣ በሐጂ ሱቅ ፊት እንዴት ታልፊያለሽ?» አልኳት። «መጋረጃውን እዘጋዋለሁ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ግን፤ ስትስቅ ኩርፊያዋ እንዳለቀ አወቅሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የሩቅ አገር ሰው ቢያነበው እንዳይደናገር። በኛ ወገን ሰው ረጅም መንገድ ሊወጣ ሲል፣ ለሐጅም ይሁን ለሥራ፣ ዘመድ ጎረቤቱን እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል። አውቄም ሆነ ሳላውቅ ያስቀየምኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የተጠየቀውም «አውፍ ብያለሁ» ብሎ ይመርቀዋል። የሰው ቅያሜ ተሸክሞ የወጣ መንገደኛ ልቡ አያርፍም። ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም ቃሉን እንደኛው ያውቀዋል። እና እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነበር፤ ልጅቱ ለመንገዷ ሐጂን አውፍ በሉኝ ስትል አብሬ እሄዳለሁ። ከዚያ ጊደሯን እሰጣቸዋለሁ። ለቀሪው እዳ ደግሞ ጊዜ እለምናቸዋለሁ። ይህ ሳይሆን ከቤቴ አትወጣም ብዬ ቆረጥኩ።

የመንገዱስ ብር? እሱን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። ክርስቲያን ናት፤ ልጆቻችንን በአንድ ግቢ ያሳደግን፣ ስንጣላም ስንታረቅም የኖርን። አንድ ቀን አጥሬ ላይ ተደግፋ፣ «አንች፣ ይሄን ጓሮሽን የሞላውን ባሕር ዛፍ ለምን ዱላ አናደርገውም? መስከረም ላይ ለግሸን የሚመጣው ሕዝብ ያን ዳገት በምን የሚወጣው ይመስልሻል?» አለችኝ።

«እስላሟ ለማርያም ተሳላሚ ዱላ ልሽጥ?»

«ማርያም አንችን አትጠይቅሽም። የምትጠይቀው እኔን ነው፤ ጎረቤትሽን ለምን ብቻዋን ትተሻት መጣሽ ብላ።»

እኔና እሷ፣ ልጅቱም ተጨምራ፣ ቀጫጭኑን ባሕር ዛፍ ቆረጥን፣ ላጥን፣ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ለብለብ አደረግነው፣ እጅ የሚይዘውን በኩል በዘይት አሸነው። በዓሉ ሲደርስ አስጭነን ሄድንና ሰው ከአውቶብስ ወርዶ በእግሩ ከሚጀምርበት ቦታ ደረደርነው። ጎረቤቴ «የማርያም ምርኩዝ! የማርያም ምርኩዝ!» እያለች ትጣራለች። እኔ እንደዚያ ማለት አፌ እምቢ አለኝ። ትንሽ አሰብኩና «ጉልበት! ጉልበት የሚገዛ!» እያልኩ ጮህኩ። ሰዉ እየሳቀ ወደኔ መጣ። አንድ ወፈር ያሉ የከተማ ሰው፣ «እማማ፣ ጉልበት ስንት ነው?» ቢሉኝ፣ «እንደ ዳገቱ ነው። ለእርስዎ ግን ሁለት ያስፈልጋል» አልኳቸው። ሁለት ገዙኝ፤ ይባረኩ። ጎረቤቴ በሩቁ ሆና፣ «አይ አንች! ማርያም እያየችሽ ነው!» ትለኛለች።

ተሳላሚው ሲመለስ ግን አንድ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ከላይ የሚወርደው ሰው፣ ሁሉም አይደለም፣ ብዙው፣ ዱላውን እግሬ ሥር እያስቀመጠ «ለሌላ ይሁን» ይላል። ገና የሚወጣ ሕዝብ አለ። ጎረቤቴ አንሥታ ልትሸጥ ስትል እጇን ያዝኩት።

«ይሄማ አይሸጥም።»

«ለምን? የራሳችን ዱላ አይደል?»

«አንዴ ሽጠነዋል። አሁን ለአላህ ተብሎ ተሰጥቷል። የተሰጠ አይሸጥም፤ ይዋሳል።»

«እሺ፣ አንች እዚሁ ሐጂ ሆነሽ ቅሪ!» አለችኝ ተናዳ። ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ ከተመለሰው አንዱን አንሥታ መግዣ ለሌላቸው ለአንዲት አሮጊት ሰጠች፤ አሮጊቷም ጉልበቷን ስመው መረቋት። ከዚያ በኋላ የተመለሰውን የምታውሰው እሷ ሆነች፤ እኔን «አንች ሽጪ» አለችኝ። ልጅቱ ሁለታችንን እያየች ትስቃለች። ብሩን እኩል ስንካፈል ጎረቤቴ ከድርሻዋ ቀነሰችና ልጅቱ እጅ ላይ አስጨበጠቻት። «የማርያም ስጦታ ነው፤ አያትሽ እምቢ ማለት አትችልም» አለች። አልቻልኩምም።

ሻንጣውም የመጣው ከሷ ቤት ነው። የእህቷ ልጅ ከዐረብ አገር ስትመለስ ያመጣችው፣ አንድ ጎማ የጎደለው፣ እኔ ልተኛበት የሚበቃ ሻንጣ። ልጅቱ አይታው፣ «ይሄን ይዤ ስገባ ጅዳ የምሄድ ይመስላቸዋል» አለች። ብርድ ልብሱን ከገበያ ገዛን፤ አንሶላውን ከኔ ሳጥን አወጣሁ። ስልኩን ልጄ ዐረብ አገር ሆና፣ ራሷ የምትይዘውን አሮጌውን፣ ወደ አገር ለምትመለስ ልጅ ሰጥታ ላከችው። መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ልጅቱ ስንጥቁን በጣቷ እየዳበሰች፣ «የእማዬ ጆሮ የነካው ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ስልክ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

የተረፈውን ብር እኔ በማውቀው መንገድ ያዝኩላት። እኔ ብር የማውቀው በቋጠሮ ነው። አሮጌ ሻሼን ወሰድኩና አንዱን ጫፍ ለመንገድ፣ አንዱን ጫፍ ለሆዷ፣ ለሳሙናዋ ቋጠርኩ። ሦስተኛውን ስቋጥር «ይሄስ?» አለችኝ።

«ይሄ የእንባ ነው።»

«የምን እንባ?»

«አንድ ቀን አገሩ ያስጠላሻል። ሆድሽ ይብሳል፤ ሁሉን ጥለሽ ነይ ነይ ይልሻል። ያን ቀን ወደ ቤት የሚያመጣሽ የመኪና ብር እጅሽ ላይ ካለ፣ አልቅሰሽ ትተኝና ጠዋት ትማሪያለሽ። ከሌለሽ ግን የታሰርሽ ይመስልሻል። ይሄን አትንኪው። መኖሩን ብቻ እወቂ።»

«እምዬ፣ ይሄ እኮ በስልክም ይቀመጣል። ቁልፍ አለው።»

«ቁልፉን ማን ያውቀዋል?»

«እኔ።»

«እኔም የምፈራው አንችን ነው» አልኳት።

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ነው ወደ ውጫሌ የሄድነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ነገር ከፍቷል፤ እሱን ስሰማ ሳልፈልግ ሆዴ ይባባል። በየመታጠፊያው ቃሌን እደረድራለሁ። መጀመሪያ አውፍታውን፣ ከዚያ ጊደሯን፣ ከዚያ ቀሪውን። እምቢ ቢሉኝ፣ ብሩን አሁን እፈልገዋለሁ ቢሉኝ፣ ሻሹን ከነቋጠሮው ላስረክብ ይዤዋለሁ። ያኔ ልጅቱ አትሄድም ማለት ነው። ለሷ አልነገርኳትም። እሷ ግን ሻሹን ጉያዬ ውስጥ አይታዋለች፤ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ደረሰች።

ሐጂ ከሱቃቸው ደጅ ቁጭ ብለው ሙስበሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ይዘዋል። ሲያዩን ቀና አሉ።

«መጣሽ? ነገሩ በሹፌሩ በኩል ደረሰ ማለት ነው?»

የልጅቱ ማለፍ ወሬ በሹፌሮቹ በኩል የደረሳቸው መሰለኝ። «አዎ ሐጂ፣ ያልሰማ የለም። አልሀምዱሊላህ» አልኳቸው።

እጄን አየት አደረጉና፣ «እንግዲያው ግቡ» አሉ።

ገባን። ሻይ አስመጡልን። አንዲት ሴት ስኳር ታስመዝናለች፤ አንድ ሽማግሌ ጨው ጆንያው ላይ ተቀምጠው ወሬ ያወራሉ። እኔ የደረደርኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ልጅቱ ጎንበስ ብላ የሐጂን እጅ ስትስም፣ የእናቷን የመሄጃ ቀን አስታወሰኝ፤ እሷም እዚያው ቦታ ላይ ቆማ እንዲሁ ስማ ነበር።

«ሐጂ፣ ልጅቱ መንገደኛ ናት። እርስዎ ዘንድ ያለብንን ያውቁታል። አውፍ በሉን።»

«አውፍ ብያለሁ» አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን ልጅቱ ራስ ላይ አድርገው። «ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ። በዱንያም በአኺራም ከእናንተ የምፈልገው የለኝም። መንገዷን ያቅናላት።»

ከእናንተ የምፈልገው የለኝም! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያ ሁሉ ዓመት ትከሻዬ ላይ የኖረ ነገር እዚያው ሱቅ ውስጥ ወረደ። በርከክ አልኩ። «አላህ እንዲህ ያቅልልዎት! አላህ እዳዎን እንዲህ ያንሣልዎት! ልጅዎን፣ ዘርዎን፣ ሱቅዎን ይባርክ!» እያልኩ በእንባ መረቅኋቸው። ሽማግሌው ከጆንያው ላይ ተነሥተው «አሚን! ይሄ ነው ሰው! ለተማሪ እዳ የሚተው ሰው ዛሬም አለ!» አሉ። ስኳር የምታስመዝነዋ ሴት እልል አለች። ልጅቱም ተንሰቀሰቀች።

ሐጂ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ሙስበሃው በጣታቸው መሀል ቆመ። እኔን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፣ ዞር ብለውም መደርደሪያቸውን አዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ አለና፣ «አሚን» አሉ።

«ጊደር ላመጣልዎት ነበር እኮ» አልኳቸው ዓይኔን እየጠረግሁ።

«ጊደሯን ተያት፤ ትውለድ። ወተቷን ጠጪ።» ስንወጣም ለልጅቱ ተምር በፌስታል አንጠልጥለው ሰጧትና፣ «በርቺ። ላስተምርሽ ብያለሁና እንዳታሳፍሪኝ» አሏት።

ስንመለስ ልጅቱ አፏ ተከፈተ። እዳ ከወረደለት ሰው ጋር ቢሆን ነው መሰለኝ፣ ዩኒቨርሲቲውም ራሱ እዳ እንዳለው ያን ዕለት ነገረችኝ። ለምግቡና ለመኝታው መንግሥት ያወጣውን ከፊሉን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ትመልሳለች፤ ስትገባ ትፈርማለች።

«አሁን ከአንዱ ሳንወጣ ሌላ?» ብዬ ጮህኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ሁሉም ተማሪ ነው እምዬ። ሥራ ሳልይዝ አይጠይቁኝም።»

«ታዲያ ስትጨርሺ ሄደን አውፍ በሉን ብንላቸውስ?»

«መንግሥት አውፍ አያውቅም» አለች። ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት መኪናውን ሊያቆም ምንም አልቀረው።

እንዲህ ሆና ሄደች። ያን ትልቅ ሻንጣ የአውቶብሱ ጣራ ላይ ሲጭኑት ጎረቤቴ መስቀሏን ይዛ፣ እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ሁለታችንም በየአፋችን ለመንንላት። ጊደሯ በዓመቱ ወለደች። ቅቤውን እየሸጥኩ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ላክሁላት፤ ከግቢው ወጥተን ራሳችን እናብስል የሚሉ ጓደኞች ሲመጡባትም የተዘጋጀውን ብይ አልኳት፤ ሰማችኝ። ለናንተም የምለው ይህንኑ ነው ልጆቼ። የቀረበውን ብሉ፤ የሌላችሁን ስልክ አትመኙ፤ የእንባ ቋጠሮ ሳትይዙ አትውጡ።

የእንባው ቋጠሮ ምን ሆነ? አንድ ቀን ደወለች። «እምዬ፣ ፈታሁት» አለችኝ። «ምነው፣ ማን ነካሽ?» ስላት፣ አብራት የምትተኛዋ ልጅ አባቷ ሞቶባት የመሄጃ አጥታ ስታለቅስ አይታ ለሷ ሰጥታታለች። «እንባው የኔ ባይሆንም እንባ ነው ብዬ ነው» አለች። እኔም ያን የግሸኑን ዱላ ነበር ያስታወስኩት። ጓደኛዋ ስትመለስ መልሳላታለች፤ የኔዋም መልሳ ቋጥራዋለች።

እኔ ከሐጂ ቅመሜን ማንሣቴን አልተውኩም። አሁን ሰላምታዬ ረዘመ፤ ስገባ ሳቅ እያልኩ ነው። ያን ዓመት ሱቃቸው ጎደል ብሎ አየሁት። መደርደሪያው ላይ ዘይቱ ይቆም የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። «ሐጂ፣ ዘይቱስ?» ስላቸው፣ «መንገድ ላይ ነው፤ በቀስታ እየመጣ ነው» ይሉና ይስቃሉ። ንግድ አንዳንዴ ይቀዘቅዛል ብዬ አለፍኩት። ልጄም ከዐረብ አገር በሰላም ገባች፣ አልሀምዱሊላህ። ልጅቱም ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ ያን የመንግሥቱን እዳ ከደሞዟ እያስቆረጠች ትከፍላለች። በመጀመሪያ ደሞዟ ለኔ ጫማ ገዛች፤ ለጎረቤቴ ነጠላ ገዛች፤ ለሐጂ ጋቢ ገዛችና አብረን ወሰድንላቸው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ለበሱት። በመስታወት ራሳቸውን እያዩ፣ «ይሄስ ከዘይቱ ይሻላል፤ ይሞቃል» አሉ። ቀልድ መሆኑ ገባን፤ ምኑ እንደሆነ ግን አልገባንም፤ ብቻ አብረን ሳቅን።

ሐጂ ከሞቱ ብዙ አልቆየም። አላህ ይዘንላቸው። ለቅሶ ልንደርስ ልጅቱና እኔ ሄድን። ባለቤታቸው አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ይዛ፣ «አንችን ባየሁ ቁጥር ያ የዘይት ነገር ይታወሰኛል» አለችኝ። የምን ዘይት ስላት ገረማት። የማውቅ መስሏት ኖሯል።

እኛ አውፍ በሉን ልንል በሄድንበት ሳምንት ሐጂ የዘይት ጭነት ሊያስመጡ ብር ጎድሏቸው፣ ካለባት ላይ የቻለችውን ይዛልኝ ትምጣ ብለው በሹፌር ልከውብኝ ነበር። እኔ መልእክት የሚባል አልደረሰኝም። ደጃፋቸው ስደርስ ብሩን ይዤ የመጣሁ መስሏቸዋል። አውፍ ያሉትም ለመንገደኛው የሚባለውን አውፍታ ነበር፤ ስለ እዳው አላሰቡም። ማታ ቤት ሲገቡ እየሳቁ ገቡ አለችኝ። «ዛሬ ሳላስበው ሰደቃ አወጣሁ። ሴትዮዋ ስትደሰት አየሁና ቃሌን መመለስ አቃተኝ» አሏት።

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን ከፈተች። ሴትዮዋ እጇን ያዘቻት። «አስገቢው። እሳቸው አንዴ አውፍ ብለዋል፤ እኔ ምን ቤት ነኝ የምመልሰው?» አለች። ከዚያ ያን ዓመት ጭነቱ እንደቀረ፣ ዘይቱ የነበረበት ቦታም ብዙ ጊዜ ባዶውን እንደቆየ ነገረችን። ሐጂም ያን ባዶ መደርደሪያ ባዩ ቁጥር አንድም ቀን አላማረሩም፤ ወደ እሷ ዞር ብለው፣ «ልጅቱ አሁን ስንተኛ ዓመት ደረሰች?» ይሏት ነበር።